በዓይን ጥግ የሚታየው

ተረት፦ «ደህና አድርገን የምናየው ፊት ለፊት ያለውን ነው፤ በዓይን ጥግ የሚታየው ብዥታ አይረባም።»

እውነታ፦ ጥርት ብሎ የሚታየን ቦታ በእርግጥ ጠባብ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ አውራ ጣት ቢቆም ጥፍሩ ከሚሸፍነው ብዙም አይሰፋም። ሁለቱ ዓይኖች አንድ ላይ ግን ወደ ጎን 180 ዲግሪ ያህል ያያሉ። ከቂርያት ማላኪ በአውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ እርሻው አልቆ ገደራ መግባቱን የሚያውቀው በዚያ ብዥታ ነው።

በ2009 ላርሰንና ሎሽኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ፎቶግራፎችን ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ብቻ እያሳዩ ቦታው ምን እንደሆነ ጠየቁ። የፎቶው መሃል ቢሸፈንም ሰዎቹ ሙሉውን ያዩ ያህል መለሱ። መሃሉ ብቻ ሲቀርላቸው ግን ተሳሳቱ። ዳሩ የበለጠው በስፋቱ ነው፤ በእኩል ስፋት ቢመዘን መሃሉ ይበልጣል። ወጥ ቤትን ከጎዳና ለመለየት የመስመሮቹ አቅጣጫና የቀለሙ አጣጣል ይበቃል፤ ዝርዝሩ በኋላ ይደርሳል።

ከዚህም የሚደንቀኝ እዚሁ ጎረቤታችን ረሆቮት፣ በዋይዝማን ኢንስቲትዩት የተሠራው ነው። ራፋኤል ማላኽና ባልደረቦቹ በ2001 በኤም.አር.አይ እንዳሳዩት፣ ፊትን የሚለየው የአንጎል ክፍል ከእይታ መሃል ጋር፣ ሕንፃን የሚለየው ደግሞ ከዳሩ ጋር የተያያዘ ነው። የሰውን ፊት የምንለየው አተኩረን አይተን ነው፤ ቤትና ሰፈር ግን ዙሪያችንን ይከቡናል።

ተረት፦ «በዓይን ጥግ ቀለም አይታይም።» ይታያል። ደከም ይላል እንጂ፣ ነገሩ ተለቅ ካለ ይለያል።

ተረት፦ «ማንበብ ከቻልኩ ዓይኔ ጤነኛ ነው።»

ከሁሉም የሚጎዳን ይህ ነው። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም ይጀምራል፤ አስቀድሞም የሚወስደው የዳሩን እይታ ነው። አንጎል የጎደለውን ስለሚሞላው ሰውየው ጥቁር ቀዳዳ አይታየውም፤ ማንበቡንም ይቀጥላል። የጠፋው አይመለስም፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ጥገና ጉዳቱን ማዘግየት ይቻላል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ደረጃ ሲስቱ፣ ትከሻቸው ከበር መቃን ሲጋጭ «እርጅና ነው» ብለን አንለፈው። ኩፓት ሆሊም ወስደን የዓይን ሐኪሙ ፊደል በማስነበብ ብቻ እንዳያበቃ፣ የዓይን ግፊታቸውን፣ የዓይን ነርቫቸውንና የእይታ ስፋታቸውን እንዲያይልን እንጠይቅ። በሽታው በዘር ስለሚሄድ፣ አንዱ ከተገኘበት ወንድምና እህቶቹም ልጆቹም መመርመር አለባቸው።