ለቢዝነስ ትምህርት መግቢያ ፈተና እንዴት እናጥና?

በባቱ ከተማ ቀኑን በባንክ፣ በአበባ እርሻ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሠራ የዋለ ሰው፣ ለቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጅበት ጊዜ ማታ ከእራት በኋላ ያለው ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህች አጭር ጊዜ በከንቱ እንዳታልፍ፣ አእምሮ ዕውቀትን እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ ይጠቅማል።

በአገራችን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ድኅረ ምረቃ ለመማር የሚያመለክቱ ሰዎች ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ይቀመጣሉ። ውጭ አገር ለመማር የሚያስቡ ብዙዎች ደግሞ ጂማት የተባለውን ፈተና ይወስዳሉ። የአሁኑ ጂማት 64 ጥያቄዎች አሉት፤ የተሰጠው ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። በሒሳብ ክፍሉ 21 ጥያቄዎች በ45 ደቂቃ ይሠራሉ፤ ለአንዱ የሚደርሰው 2 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። በዚህ ክፍል ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ ቀኑን ሙሉ በካልኩሌተር የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ልምምዱን ያለ እርሱ ማድረግ ይገባዋል።

አብዛኞቻችን ስናጠና ያነበብነውን ደግመን እናነባለን። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ከሌላው ግን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተደረገ ፈተና ደግሞ ማንበብ 81 ለ75 በመቶ በለጠ። ከሳምንት በኋላ በተፈተኑት ዘንድ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ 42 ለ56 ሆነ። ደግሞ ማንበብ «አውቄዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን እስከ ፈተናው ቀን አይዘልቅም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጥያቄዎች ቅደም ተከተል ነው። ሮረርና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ የይዘት ስሌት ጥያቄዎችን በዓይነት በዓይነት ለይተው የሠሩ ተማሪዎች በልምምዱ ወቅት 89 በመቶ፣ አደባልቀው የሠሩት ደግሞ 60 በመቶ አገኙ። ከሳምንት በኋላ የፊተኞቹ ውጤት 20፣ የኋለኞቹ 63 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፈተና ላይ የትኛው ቀመር እንደሚያስፈልግ የሚነግረን ርዕስ የለም።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ከዝዋይ ሐይቅ ውኃ የሚስቡ ሁለት ፓምፖች አንድን ገንዳ ለየብቻቸው በ6 እና በ3 ሰዓት ይሞላሉ። አብረው ቢሠሩስ? ቸኩሎ አማካይ የሚወስድ ሰው 4 ሰዓት ተኩል ይላል። ፈጣኑ ፓምፕ ብቻውን በ3 ሰዓት የሚጨርሰውን ሥራ፣ ረዳት ሲጨመርለት እንዴት ሊዘገይ ይችላል? በሰዓት አንዱ የገንዳውን አንድ ስድስተኛ፣ ሌላው አንድ ሦስተኛ ይሞላል፤ ድምሩ ግማሽ ስለሆነ መልሱ 2 ሰዓት ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ከነምክንያቱ በደብተር መዝግቦ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ መፍትሔውን ሳያዩ እንደገና መሥራት ብዙ ያስተምራል።

እንግዲህ በአጭሩ፣ የማታዋን ሰዓት ቀድሞ የተማሩትን ከቃል በማስታወስ መጀመር፣ የተደባለቁ ጥያቄዎችን ማስከተል፣ በሳምንት አንድ ጊዜም ሰዓት ቆጥሮ ሙሉ ክፍል መሥራት ይበጃል። በልምምድ ላይ መቸገር የስንፍና ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ ትምህርቱ ሥር የሚይዘው በዚያው ጊዜ ነው።