የሱርሶክ ሙዚየም፤ የአንድ ከበርቴ ቤት እንዴት የሕዝብ ሆነ?

በቤይሩት ምሥራቃዊ ክፍል በኮረብታ ላይ የተቆረቆረው አሽራፊዬ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሰፈር አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወገኖቻችን ከተማይቱን ያውቋት ነበር። በኋላ ደግሞ በቤት ሠራተኝነት የሄዱ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ እኅቶቻችን የሰፈሩን ደረጃዎች፣ በረንዳዎችና መስኮቶች በጉልበታቸው አውቀዋቸዋል። በዚሁ ሰፈር፣ በሱርሶክ መንገድ፣ የሱርሶክ ሙዚየም የሚባል ነጭ ሕንፃ ይገኛል። ሙዚየሙ የቤይሩት ከተማ ቢሆንም ለሊባኖስ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ የብሔራዊ ጋለሪን ተግባር ሲፈጽም ኖሯል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቤቱን ታሪክ ባጭሩ ማቅረብ ነው። ወደ ጋለሪ ስንገባ የተሰቀለውን ሥዕል አይቶ መውጣት ብቻ አይበቃም። ቤቱን ማን ሠራው? በምን ሀብት? በማን ገንዘብ ይተዳደራል? ማንስ ይገባበታል? ብለን ልንጠይቅ ይገባል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. የቤቱ አመጣጥ

ሕንፃው በ1912 የተሠራው ለኒኮላስ ኢብራሂም ሱርሶክ መኖሪያ ነበር። የሱርሶክ ቤተሰብ በ19ኛው መቶ ዘመን በንግድና በመሬት ሀብት ከበለጸጉት የቤይሩት የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰቦች አንዱ ነው። ይዞታው ከሊባኖስ አልፎ እስከ ፍልስጤም ይደርስ ነበር። ከቤተሰቡ አባላት አንዳንዶቹ፣ በተለይ በ1920ዎቹ፣ በመርጅ ኢብን አሚር ሸለቆ የነበራቸውን ሰፊ መሬት ለአይሁድ የሰፈራ ድርጅቶች በሸጡ ጊዜ፣ መሬቱን ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎች ተፈናቅለዋል። ጭሰኛ ማለት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የቤቱን ውበት ስናደንቅ ይህንም የታሪኩ ክፍል አድርገን ማየት አለብን።

ኒኮላስ ሱርሶክ ሥነ ጥበብ ወዳድ ሰው ነበር። በ1952 ሲሞት ቤቱን ሙዚየም ይሆን ዘንድ ለቤይሩት ከተማ ተናዘዘ። ኑዛዜው በወቅፍ ሥርዓት የተደረገ ነው። ወቅፍ ማለት የማይሸጥ፣ የማይለወጥ፣ ለሕዝብ ጥቅም የተለየ ንብረት ማለት ነው፤ ጠባቂውም የከተማው ከንቲባ እንዲሆን ተደረገ።

2. ከመኖሪያ ቤት ወደ ሙዚየም

ኑዛዜው ወዲያውኑ አልተፈጸመም። በፕሬዚዳንት ካሚል ሻሙን ዘመን ቤቱ ለጥቂት ዓመታት የመንግሥት እንግዶች ማረፊያ ሆኖ ነበር። ለሕዝብ የተከፈተው በ1961፣ “የመጸው ሳሎን” በተባለው የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ኤግዚቢሽን ነው። በዚህ ኤግዚቢሽን ሠዓልያን ሥራቸውን ያቀርባሉ፤ ዳኞች መርጠው ያሳያሉ። እንደ ሻፊቅ አቡድና ፖል ጊራጎሲያን ያሉ የታወቁ ሠዓልያን ሥራዎችም በሙዚየሙ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ።

ስለ መተዳደሪያው አንድ ቁም ነገር ማስታወስ ይገባል። የከተማው ማዘጋጃ ቤት ከሚሰበስበው የግንባታ ፈቃድ ክፍያ 5 በመቶው ለሙዚየሙ እንዲውል ተደንግጓል። ስለዚህ በከተማይቱ ፎቅ በተሠራ ቁጥር ሥነ ጥበቡም ድርሻውን ያገኝ ነበር። ዳሩ ግን ከ2019 ወዲህ የሊባኖስ ሊራ ሲወድቅ የዚህ ገቢ ዋጋም አብሮ ወደቀ። ሕግ ብቻውን ቤት እንደማያቆም ከዚህ እንረዳለን።

3. ጦርነትና ፍንዳታ

ከ1975 እስከ 1990 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ዓመታዊው ኤግዚቢሽን ይቆራረጥ ጀመር፤ ቤቱ ግን ከጥፋት ተረፈ። ከ2008 እስከ 2015 በተደረገው እድሳት የፊት ገጹ ሳይነካ ከሥሩ አራት ፎቅ ተቆፍሮ ስፋቱ ከ1,500 ወደ 8,500 ካሬ ሜትር አደገ። ቤተ መጻሕፍት፣ የስብሰባ አዳራሽና የቅርስ ማስቀመጫ ክፍሎች ተጨመሩለት፤ በጥቅምት 2015ም እንደገና ተከፈተ።

አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ ነሐሴ 4 ቀን 2020፣ በቤይሩት ወደብ ለዓመታት ተከማችቶ የነበረው 2,750 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሙዚየሙ ከወደቡ 1 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅምና ባለ ቀለም መስኮቶቹ ረገፉ፣ በሮቹና ጣሪያው ፈራረሱ፣ ከ50 የሚበልጡ የጥበብ ሥራዎችም ተጎዱ። ኬስ ቫን ዶንገን የተባለው የሆላንድ ተወላጅ ሠዓሊ የሳለው የኒኮላስ ሱርሶክ ምስል ተቀደደ። ምስሉ ወደ ፓሪስ ፖምፒዱ ማዕከል ተልኮ ተጠግኖ ተመለሰ። መስኮቶቹን ደግሞ የመስተዋት ጥበብ ባለሙያዋ ማያ ሁሴይኒ እንደገና ሠራቻቸው። ከውጭ መንግሥታትና ከቅርስ ድርጅቶች በተገኘ እርዳታ ሙዚየሙ በግንቦት 2023 ተከፈተ።

4. ጎብኚው ምን ያያል?

ከውጭ በሁለት ወገን የሚወጣው ድርብ ደረጃና ባለ ቀለም መስኮቶቹ፣ የቬኒስና የኦቶማን አሠራር የተቀላቀለባቸው፣ የዘመኑን ከበርቴ ምርጫ ያሳያሉ። በውስጥ ከደማስቆ በመጣ የተቀረጸ እንጨት የተለበጠው “የዓረብ ሳሎን” ሳይታይ አይታለፍም። ከዚያ ወደ ሥዕሎቹ ሲታለፍ፣ ቅደም ተከተላቸውን ተከትሎ ከባለጸጎች ምስል ወደ ረቂቅ ሥዕልና ወደ ጦርነት ዘመን ሥራዎች የተደረገውን ጉዞ መመልከት ይጠቅማል። መስኮቶቹን ያየ ኢትዮጵያዊ የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ መስተዋት ማስታወሱ አይቀርም፤ አዳራሹም የተመረቀው ሙዚየሙ በተከፈተበት በዚያው በ1961 ነው።

5. ለእኛ ያለው ትምህርት

አንደኛ፣ ኑዛዜ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ቤቱ የሕዝብ ሆኖ የቆየው ማስተዳደሪያ ገንዘብና ኃላፊነት የሚወስድ አካል ስለ ተመደበለት፣ በፈረሰም ጊዜ የሚያነሡት ሰዎች ስለ ተገኙ ነው። በ1981 በስደት በአሜሪካ የሞተው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎቹ ከጀርመን ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ ማዕከል የተከፈተው በ2008 ነው። ለአንድ ሠዓሊ ሥራዎች አገር ቤት መጠለያ ማግኘት ይህን ያህል ጊዜ ከወሰደ፣ ስለ ሌሎቹ ከአሁኑ ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ሙዚየሙ በ2023 ሲከፈት መግቢያው በነፃ ነበር። በር በነፃ መከፈቱ ግን ለሁሉ ተከፈተ ማለት አይደለም። በሊባኖስ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የቤት ሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ የብዙዎቹ ፓስፖርት በአሠሪ እጅ ነው፣ የሳምንት ዕረፍትም አያገኙም። ከሙዚየሙ ጥቂት እርምጃ ርቃ መስኮት የምታጸዳ እኅታችን እነዚያን ባለ ቀለም መስኮቶች ገብታ ለማየት የሚጎድላት የመግቢያ ዋጋ ሳይሆን ከቤት የምትወጣበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በየምንማርበት ከተማ ያለውን ጋለሪ ስንጎበኝ ከፍ ብለው የተነሡትን አራት ጥያቄዎች እንያዝ፤ ያገኘነውንም መልስ በማኅበራችን ውስጥ እንወያይበት። በቤይሩት የሚያልፍ ተማሪ ቢኖር፣ እሑድ ዕረፍት ያላቸውን እኅቶች ወደ ሱርሶክ ሙዚየም አብረውት እንዲሄዱ ይጋብዛቸው። ቤቱ የሕዝብ ነውና የመግባት መብት አላቸው።