አሮጌ ቤት ሊገዙ ነው? አስቀድመው የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ያስከፍቱ

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ታክስ፣ ስለ ብድርና ስለ መኖሪያ ፈቃድ ስለሆነ የዛሬው ርእስ አንባቢያንን ያስገርም ይሆናል። ይህ ጸሐፊ የሂሳብ ባለሙያ እንጂ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይደለም። ይሁን እንጂ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ አሮጌ ቤት ገዝተው ምድር ቤቱን የሚያከራዩ፣ ወይም ታቹን ሱቅ ላዩን መኖሪያ የሚያደርጉ ወገኖች ደረሰኞቻቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ያልታሰበው ወጪ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የብሬከር ሳጥንና ከእርሱ ከሚወጡት ሽቦዎች ነው።

የታክሲ ባለቤት የሆነ አንድ ደንበኛዬ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ቤት ገዛ። ሶኬቶቹ ሁሉ አዲስ፣ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነበሩ። ከገቡበት በኋላ ግን ሚስቱ በአንድ እጇ ፍሪጁን፣ በሌላው የውሃ ቧንቧውን በነካች ቁጥር ይነዝራት ጀመር። ሶኬቱ ተፈትቶ ሲታይ ግራውንድ የሚባለው የመሬት ሽቦ ጨርሶ የለም፤ ሦስተኛው ቀዳዳ በአጭር ሽቦ ከኒውትራሉ ጋር ተገናኝቷል። ኒውትራል ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ የሚመለስበት ሽቦ ነው። እንዲህ በተሠራ ሶኬት ላይ ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢላላ የፍሪጁ ቆርቆሮ ራሱ 120 ቮልት ይሸከማል። ይባስ ብሎ ከመደብር የሚገዛው ባለ ሦስት መብራት መሞከሪያ ይህን ሥራ «ትክክል ነው» ብሎ ያሳልፈዋል።

በአሜሪካ የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት በቤቶች ሁሉ የተለመደው ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ካዩ፣ ሽቦውም አብሮ ተቀይሮ እንደሆነ ይጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «መሬት ውስጥ ብረት ተቀብሯል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ይሄዳል» ይባላል። በመሬት የሚቀበረው 8 ጫማ ዘንግ የሚጠቅመው ለመብረቅና ከመንገድ መስመር ለሚመጣ ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልት ነው። ሂሳቡን እንሥራው፦ አፈሩ 25 ኦም ቢቋቋም፣ 120 ቮልት ለ25 ሲካፈል 4.8 አምፔር ይሆናል። ባለ 15 አምፔር ብሬከር በ4.8 አምፔር አይዘጋም። ፍሪጁ ኤሌክትሪክ እንደያዘ፣ ብሬከሩም እንደበራ ይቆያሉ ማለት ነው።

ብሬከሩን የሚያዘጋው ቦንዲንግ የሚባለው ማያያዣ ነው። ይኸውም የመሬት ሽቦዎች፣ የብረት ሳጥኖችና የብረት ቧንቧዎች ሁሉ በዋናው ሳጥን ውስጥ ከኒውትራሉ ጋር ይታሰራሉ። የተላጠ ሽቦ የፍሪጁን አካል ሲነካ ኤሌክትሪኩ በሽቦ መንገድ ወደ ትራንስፎርመሩ በብዙ አምፔር ይመለሳል፤ ብሬከሩም ወዲያው ይዘጋል። ታዲያ ይህ እስር የሚደረገው በአንድ ቦታ፣ በዋናው ማጥፊያ ላይ ብቻ ነው። ለሱቁ ወይም ለተከራዩ ተብሎ በተጨመረው ሁለተኛ ሳጥን ውስጥ ኒውትራልና የመሬት ሽቦ መለያየት አለባቸው። እዚያም ከታሰሩ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ሰው በሚነካቸው ብረቶችና ቧንቧዎች ላይ መመላለስ ይጀምራል። ሱቅ ጨማሪዎቹ የእኛው ሰዎች ስለሆኑ ይህን ስህተት የምናገኘው በእኛው ቤት ነው።

ሌላም አለ። አሮጌ ቤቶች የመሬት ሽቦው ከመንገድ በሚገባው የብረት ውሃ ቧንቧ ላይ ይታሰር ነበር። ቧንቧው በፕላስቲክ ከተቀየረ ሽቦው ከምንም ጋር ሳይገናኝ ይቀራል፤ ማንም አያስተውለውም።

እንግዲህ ከመፈረም በፊት በውሉ ውስጥ ቤቱን የማስመርመር መብት ይግባ። ክዳኑን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይክፈተው እንጂ እርስዎ አይንኩት፤ ዋናው ማጥፊያ ቢጠፋም ከቆጣሪ የሚገቡት ሽቦዎች ኤሌክትሪክ እንደያዙ ናቸው። «አንድ የሚያውቅ ልጅ አለ» የሚለውም ይቅር። ያለ ከተማው ፈቃድ የተሠራ ሥራ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ከቃጠሎ በኋላ ከኢንሹራንስ ጋር ሲያነታርክ ይኖራል። ስለ አሮጌ ሽቦ ኢንሹራንሱን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይቀበልም።

ቤቱን በሙሉ አዲስ ሽቦ ለመዘርጋት አቅም ከሌለ፣ የመሬት ሽቦ በሌለበት መስመር ጂኤፍሲአይ የተባለውን መከላከያ አስገብቶ «የመሬት ሽቦ የለውም» የሚል ምልክት መለጠፍ ሕጉ ይፈቅዳል። ከ4 እስከ 6 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ ይዘጋል፤ ሰውን ያድናል፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። በሚከራይ ቤት ወይም በሱቅ ውስጥ የላላ ሽቦ ማጥበቅ ጥገና ስለሆነ በዚያው ዓመት ይቀነሳል። ሳጥኑን በሙሉ መቀየር ግን እንደ ማሻሻያ ስለሚቆጠር፣ በመደበኛው ደንብ ለመኖሪያ ኪራይ በ27.5 ዓመት፣ ለንግድ ሕንፃ በ39 ዓመት ተከፋፍሎ ይቀነሳል። በራስዎ መኖሪያ ከሆነ አሁን የሚቀነስ ነገር የለም፤ ወጪው በቤቱ የግዢ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ሲሸጥ የሚታሰበውን ትርፍ ያሳንሳል። ስለዚህ የኤሌክትሪሻኑ ደረሰኝና የከተማው ፈቃድ ቤቱ እስኪሸጥ፣ የሽያጩም ታክስ ከቀረበ በኋላ ቢያንስ 3 ዓመት በፋይል ይቀመጡ።