እንባን አሳስተን እየሳልናት ይሆን?



እንባ ሳሉ ብንባል ብዙዎቻችን ከላይ ሹል፣ ከታች ድቡልቡል አድርገን እንስላለን። በስልካችን ኢሞጂም፣ በጆሮ ጌጥም የምናየው ይህንኑ ነው። በአየር ላይ የምትወርድ ጠብታ ግን እንዲህ አትመስልም።

ውሃ ከቧንቧ ጫፍ ተንጠልጥሎ ሊላቀቅ ሲል ለቅጽበት አንገቱ ይቀጥናል፤ ሹሉ ቅርጽ የሚታየው ያኔ ነው። ከተላቀቀ በኋላ ግን የገጽ ውጥረት የሚባለው ኃይል ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ትንሽ የዝናብ ጠብታ እንደ ኳስ ክብ ናት፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ስትሆን ደግሞ አየሩ ከሥር ስለሚገፋት እንደ ዳቦ ጠፍጠፍ ትላለች።

ይሁን እንጂ ቅርጹ ከንቱ አይደለም። ፊቱ ድቡልቡል፣ ኋላው ቀጭን የሆነ አካል አየሩ ወይም ውሃው ብዙም ሳይበጠበጥ ጎኑን ተከትሎ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይልም ይቀንሳል። የብዙ ዓሦች አካልም ሆነ የአውሮፕላን ክንፍ በቁመቱ ተቆርጦ ሲታይ ወደዚህ ቅርጽ የሚጠጋው ለዚህ ነው። ሱብሓነላህ!

እንባም ውሃ ብቻ አይደለም። ዓይን ላይ የሚለጠፍ ዝልግልግ ነገር፣ ውሃ እና ውሃው ቶሎ እንዳይተን የሚሸፍን ቅባት አለው። በውስጡ ያለው ላይሶዛይም የባክቴሪያን ግድግዳ ያፈርሳል፤ ይህን ግኝት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1922 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጓል። ሽፋኑ የሚታደሰው ዓይናችንን ባርገበገብን ቁጥር ነው። ለፈተና ስናጠና ስክሪን ላይ ስናፈጥ ማርገብገብ ስለምንቀንስ ዓይናችን ይደርቃል፣ ያቃጥለናል። በየመሃሉ አርገብግቡ፤ ራቅ ወዳለ ነገርም ተመልከቱ።

ከቅርጹ ይልቅ የተሳሳትነው ግን በትርጉሙ ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባልን አድገናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል፤ ስለ እንባቸው ሲጠየቁም እዝነት መሆኑን ተናግረዋል። የአላህ ጥላ ከሚደርሳቸው ሰባት ዓይነት ሰዎች አንዱም ብቻውን ሆኖ አላህን ሲያስታውስ ዓይኑ የሚያነባ ነው።

ስለዚህ ዶርም ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚያለቅስ ወንድም ወይም የምታለቅስ እህት ካለች «ምን ያስለቅሳል?» አንበል። ውጤት ተበላሽቶ ወይም ከቤት መርዶ መጥቶ ይሆናል። አጠገባቸው እንቀመጥ፤ ዱዓ እናድርግላቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም!