ሳይቶካይንና የካንሰር ሕክምና፦ ከደም ሥር ወደ ቤተ ሙከራ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የካንሰር ሕክምና ዛሬም በዋነኛነት የቆመው በቀዶ ሕክምና፣ በኬሞቴራፒና በጨረር ላይ ነው። ሦስቱም ዕጢውን በቀጥታ ያጠቃሉ። ከእነርሱ ጎን ለጎን ያደገው ዘርፍ ግን የሕመምተኛውን የራሱን የመከላከያ ሕዋሳት አንቅቶ በካንሰሩ ላይ ማዝመትን ዓላማው ያደረገ ነው፤ ለዚህ ከዋሉት የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች መካከልም ሳይቶካይኖች፣ ማለትም ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡባቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ይገኙበታል።

ከሳይቶካይኖች መካከል በስፋት የተጠናው ኢንተርሉኪን-2 ነው። የታመሙ ሕዋሳትን ለይተው የሚገድሉትን ቲ ሕዋሳት የሚያሳድግ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1976 በሮበርት ጋሎ ቤተ ሙከራ የታወቀው ይህ ፕሮቲን፣ በ1980ዎቹ በአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ስቲቨን ሮዘንበርግ አማካይነት ለሕሙማን መሰጠት ጀምሮ፣ በ1992 ለተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር፣ በ1998 ደግሞ ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ካንሰር ተፈቅዷል። ዕጢያቸው የቀነሰላቸው ከመቶው 15 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ደግሞ ከ10 ያንሳሉ፤ ሆኖም ከእነዚህ ጥቂቶች ብዙዎቹ ካንሰሩ ሳያገረሽባቸው ለዓመታት ኖረዋል። መድኃኒቱ ከደም ውስጥ ቶሎ ስለሚጠፋ በየ8 ሰዓቱ በከፍተኛ መጠን መሰጠት ነበረበት፤ በዚህም የተነሣ ደም ሥሮች ፈሳሽ ያፈሳሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል፤ ሕክምናውም የጽኑ ሕሙማን ክፍል ክትትል የሚሻ ሆነ። በዚያ ላይ ኢንተርሉኪን-2 የመከላከያ ምላሹን የሚያበርዱትን ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳትም አብሮ ያበዛል፤ ይህ ከጎንዮሽ ጉዳቱ የማይተናነስ ጉድለት ነው።

መፍትሔው ሕዋሳቱን ከሰውነት አውጥቶ ማንቃት ሆነ። ለምሳሌ በ1991 ይፋ በሆነው ዘዴ፣ ከሕመምተኛው ከተቀዳ ደም ነጭ ሕዋሳት ተለይተው በማሳደጊያ ዕቃ ውስጥ ይደረጋሉ፤ በመጀመሪያው ቀን ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ሳይቶካይን፣ በማግስቱ ቲ ሕዋሳትን የሚቀሰቅስ ፀረ እንግዳ አካልና ኢንተርሉኪን-2 ይጨመርባቸዋል፤ ከዚያም በ37 ዲግሪ ሙቀት ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንታት ይባዙና ተመልሰው በደም ሥር ይሰጣሉ። ከዕጢው ከራሱ የተወሰዱ ቲ ሕዋሳትን በኢንተርሉኪን-2 የማባዛቱ ዘዴም ብዙ ዓመታት ፈጅቶ፣ በ2024 በአሜሪካ ለሜላኖማ ተፈቅዷል። ስለዚህ ሳይቶካይን በደም ሥር ሲሰጥ ያጣውን ክብር በቤተ ሙከራ አገኘ ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ከጀርም የጸዳ ክፍል፣ የማይቋረጥ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያ ከሌለ ዘዴው ከወረቀት አያልፍም።

ዘርፉ ከኢትዮጵያ ሕክምና ጋር የሚገናኘው በሌላ በኩል ነው። ኢንተርፌሮን አልፋ የተባለው ሳይቶካይን በአንድ ወቅት ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ ለተባለው የደም ካንሰር ዋና መድኃኒት ነበር፤ በ2001 ግን ኢማቲኒብ የተባለው እንክብል ተተካበት፤ ይህ እንክብል ለጥቁር አንበሳ ሕሙማን በልገሳ ሲደርስ ቆይቷል። በኬሞቴራፒ የተመናመኑ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያበዛው ፊልግራስቲምም ከሳይቶካይን ወገን ሲሆን፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ቢሲጂ ነው። ኢትዮጵያውያን ሕፃናት እንደተወለዱ ከሳንባ ነቀርሳ ለመከላከል የሚከተቡት ይኸው የተዳከመ ባክቴሪያ፣ በከፍተኛ መጠን ተዘጋጅቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ሽንት ፊኛ ሲገባ፣ የፊኛው ግድግዳ ራሱ ሳይቶካይን እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ6 ሳምንታት የሚሰጠው ይህ ሕክምና፣ ወደ ጡንቻ ላልዘለቀ የፊኛ ካንሰር ዛሬም የተመረጠ ነው። ለብቻው ለማይፈውሳቸው ሕሙማንም በ2024 የኢንተርሉኪን-15ን ሥራ የሚያጠናክር መድኃኒት ከቢሲጂ ጋር እንዲሰጥ በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ኢንተርሉኪን-15 ቲ ሕዋሳትንና ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳትን ሲያነቃ፣ እንደ ኢንተርሉኪን-2 ተቆጣጣሪዎቹን አብሮ አያበዛም።