ልብ ስንት ሲኒ ትቀዳለች?

እስኪ አንድ የቡና ሲኒ አንሱና፣ ለእንግዳ እንደምትቀዱት ከአፉ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ውሃ ቅዱበት። 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቁጭ ባላችሁበት ልባችሁ በአንድ ምት የምትረጨው ደምም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ ምት፣ አንድ ሲኒ።

በደቂቃ 70 ጊዜ ከመታች ወደ 5 ሊትር ይጠጋል። ጓዳ ያለችው የዘይት ጀሪካን በሉት። በየደቂቃው አንድ ጀሪካን፣ ያውም አረፍ ብላችሁ።

ደሙ ኦክስጅን ተሸካሚ ነው። ጡንቻ እንደ ከሰል ምድጃ ነው፤ ካላራገቡለት አይነድም። ማራገቢያው ሳንባ ብቻ ይመስለናል። ጤነኛ ሰው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጥረው አየሩን ማስገባቱ ሳይሆን እግር ድረስ ማድረሱ ነው፤ ማለትም ሲኒው።

ዳገት ጀምሩና ራሳችሁን ታዘቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ይከብዳሉ፤ ከዚያ ዳገቱ ያው ሆኖ ሳለ ቀለል ይላል። እግር ወዲያው ይጠይቃል፣ ልብና ሳንባ እስኪደርሱለት ግን ይቆያሉ። እስከዚያው ጡንቻ ከሰፈር ሱቅ እንደሚወስድ ሰው በዱቤ ይሠራል። ከቆማችሁም በኋላ የምታለከልኩት በከፊል ዱቤው እየተከፈለ ስለሆነ ነው። የሠለጠነ ብስክሌተኛ ኦክስጅኑ ቶሎ ስለሚደርስለት ዱቤው ትንሽ ነው።

አሁን በ12 ዓመቱ ብስክሌት መወዳደር የጀመረ ልጅ እንውሰድ። 17 እስኪሞላው፣ በደቂቃ ሊጠቀም የሚችለው ኦክስጅን በሊትር ሲለካ በጣም ያድጋል። ልቡ ስለፈጠነች አይደለም፤ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሲጋልብ ምቷ ያኔም አሁንም 200 አካባቢ ነው። ያደገው ሲኒው ነው። ልምምዱ ለዓመታት ከቀጠለ አንዱ ምት ሁለት ሲኒ፣ ከዚያም በላይ ይሆናል። ምርጥ ተወዳዳሪ ዳገቱ ሲብስ በደቂቃ ስድስት የዘይት ጀሪካን ያዘዋውራል።

እዚህ ላይ አሠልጣኝን የሚያታልል ነገር አለ። ልጁ ሲያድግ ክብደቱም ጨምሯል። ኦክስጅኑን ለኪሎው ብታካፍሉት፣ በወንድ ልጅ ላይ ዕድገት ብቻውን ብዙም ፈቀቅ አያደርገውም፤ በሴት ልጅ ላይ እንዲያውም ዝቅ ሊል ይችላል። ዳገት ደግሞ ሒሳቡን በኪሎ ነው የሚጠይቀው። «ዘንድሮ ጎበዘ» ከማለት በፊት ሚዛን ላይ ማውጣት ነው።

በሰሜን ጎንደር ደጋ ባለችው መካነ ብርሃን ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ሳስቷል። ባቄላ ለምን ምድጃ ላይ እንደሚቆይ የጓዳ ሰው ያውቃል፤ 3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም ባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። ካላመናችሁ እዚያው የአንድ ባዶ ሃይላንድ ክዳን አጥብቃችሁ ዝጉና ጎንደር ይዛችሁ ውረዱ። ማንም ሳይጨምቀው ጎድጉዶ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ደገኛው እንዴት ይችለዋል? ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በፈረንጆቹ 2002 አሳተሙ። የአንዲስ ተራራ ሰው ደሙ ይወፍራል። የእኛ ሰው ግን ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢኑ እንደ ባሕር ጠረፍ ነዋሪ ሆኖ፣ ደሙ 95 በመቶ ኦክስጅን ሞልቶ ተገኘ። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ የጋለቡት ብስክሌተኞቹ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹም ከደጋ አገር ወደ ወፍራም አየር ነበር የወረዱት።

የራሳችሁ ሲኒ ማደጉን ለማወቅ ሰዓት ይበቃል። ጠዋት ከመኝታ ሳትነሱ የእጃችሁ አንጓ ላይ ምቱን አንድ ደቂቃ ቁጠሩና ጻፉት። ሁለት ወር ብስክሌት ነድታችሁ ወይም ዳገት ወጥታችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከወረደ፣ ያው ጀሪካን በጥቂት ትልልቅ ሲኒ እየሞላ ሳይሆን አይቀርም። ብቻ ከአቦል በፊት ይሁን፤ ቡና ራሱ ልብ ያስደልቃል።