የባትሪ ጤንነት በኢምፔዳንስ ልኬት፦ ንባቡ የሚታመነው መቼ ነው?

በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንደማይገቡ ከተገለጸ ወዲህ፣ ያገለገለ ባትሪ ምን ያህል አቅም ቀርቶታል የሚለው ጉዳይ የተመራማሪ ብቻ ሳይሆን የገዢና የሻጭም ጥያቄ ሆኗል። የተለመደው የቮልቴጅ ልኬት ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ አይሰጥም። ለምሳሌ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል ቮልቴጅ በአብዛኛው የሙሌት ክልል ከ3.3 ቮልት ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ አዲስና ያረጀ ሴል ሥራ ላይ ባልሆኑበት ጊዜ ተመሳሳይ ንባብ ሊያሳዩ ይችላሉ።

ልዩነቱ የሚገለጠው ጅረት ሲያልፍባቸው ነው። የአንድ ሴል ውስጣዊ ሬዚስታንስ በ1 ሚሊኦም ብቻ ቢጨምር፣ በ100 አምፒር ጅረት ተጨማሪ 0.1 ቮልት ይባክናል፤ 10 ዋት ኃይልም ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንዲህ ያሉ 100 ሴሎች በተከታታይ ቢያያዙ ብክነቱ 1 ኪሎዋት ይደርሳል።

ይህን ለውጥ ባትሪውን ሳይከፍቱ ለማወቅ የሚያስችለው ዘዴ የኢምፔዳንስ ስፔክትሮስኮፒ ነው። በሴሉ ላይ አነስተኛ ተለዋዋጭ ጅረት ይላካል፤ የቮልቴጁ ምላሽም በመጠንና በፌዝ ይለካል። ልኬቱ ከብዙ ሺህ ኸርዝ እስከ 0.01 ኸርዝ በሚደርሱ ድግግሞሾች ይደጋገማል። በሊቲየም አዮን ሴል ውስጥ የሚካሄዱት ሂደቶች ፍጥነታቸው ስለሚለያይ፣ እያንዳንዱ በራሱ የድግግሞሽ ክልል ጎልቶ ይታያል። በ1000 ኸርዝ አካባቢ በዋናነት የሚነበበው የኤሌክትሮላይቱና የብረት ማያያዣዎቹ ሬዚስታንስ ነው። በመካከለኛው ክልል በኤሌክትሮዶቹ ገጽ ላይ የተፈጠረው ስስ ሽፋንና የኤሌክትሪክ ሙል ልውውጡ በግራፉ ላይ የግማሽ ክብ ቅርጽ ይሠራሉ። ከ1 ኸርዝ በታች ደግሞ የአዮኖች አዝጋሚ ሥርጭት እንደ ዘንባላ መስመር ይታያል። ስለዚህ በ1000 ኸርዝ ብቻ የሚለካ የእጅ መሣሪያ የላላ ማያያዣን ወይም የኤሌክትሮላይትን መጓደል ሊጠቁም ቢችልም፣ በኤሌክትሮድ ገጽ ላይ የሚደርሰውን እርጅና ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የሙቀት መጠን ነው። የሙል ልውውጥ ሬዚስታንስ ቅዝቃዜ ሲጨምር በፍጥነት ያድጋል፤ ከ25 ወደ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ በብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። በአዲስ አበባ ብርድ ማለዳ የተለካ ደኅና ባትሪ፣ በሰመራ ቀትር ከተለካ ያረጀ ባትሪ የባሰ ሊመስል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የሙሌት ደረጃውና ባትሪው ከሥራ በኋላ ያረፈበት ጊዜም ንባቡን ይለውጣሉ። በተጨማሪም የሚለካው መጠን በሚሊኦም ስለሆነ የሽቦዎቹና የመገናኛ ነጥቦቹ ሬዚስታንስ ውጤቱን ሊውጠው ይችላል፤ ጅረቱንና የቮልቴጅ ልኬቱን የሚለየው የአራት ሽቦ አያያዝ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ዘዴው ወሰን አለው። ኢምፔዳንስ በቀጥታ የሚለካው የኃይል መያዝ አቅምን ሳይሆን ውስጣዊ ተቃውሞን ነው፤ ሁለቱ በእርጅና ጊዜ አብረው ቢለወጡም እኩል አይራመዱም። ስለሆነም አንድ ነጠላ ንባብ ለፍርድ አይበቃም። የሚታመነው ማስረጃ የሚገኘው፣ የአንድ ዓይነት ሴል ንባቦች በተመሳሳይ ሙቀት፣ በተመሳሳይ ሙሌትና በተመሳሳይ የዕረፍት ጊዜ ተመዝግበው ከአዲሱ ሴል ንባብና ቢያንስ አልፎ አልፎ ከሚደረግ ሙሉ የአቅም ፍተሻ ጋር ሲነጻጸሩ ነው።